ሐሙስ ቀይ አፈር፣ ቅዳሜ ጂንካ

ወደ ደቡብ ኦሞ ለመሄድ ካሰባችሁ ከካርታው በፊት የገበያውን ቀን ጠይቁ። ማክሰኞ አልዱባ፣ ሐሙስ ቀይ አፈር፣ ቅዳሜ ጂንካና ዲመካ፣ ሰኞ ቱርሚ። ይህችን አንድ መስመር ስልካችሁ ላይ ከያዛችሁ የዕቅዱ ግማሽ አለቀ ማለት ነው።

ብዙውን ጊዜ ይህ ጉዞ የሚሸጥልን በብሔረሰብ እየተቆጠረ ነው። አንድ ቀን ሙርሲ፣ አንድ ቀን ሐመር፣ ግማሽ ቀን ካሮ። ከመኪና መውረድ፣ ፎቶ ማንሳት፣ ተመልሶ መግባት። ፕሮግራሙ የተሠራው ሁለት ሳምንት ፈቃድ ይዞ ከሩቅ አገር ለመጣ ጎብኚ ነው፤ እኛም የአገሩ ልጆች ሆነን ያንኑ እንዳለ እንወስደዋለን። ባለፈው ጥር የልጆቹ የግማሽ ዓመት እረፍት ሲደርስ እኛ ጓደኛሞች በገበያ ቀን ቆጥረን ሄድን። መንደር ስትገቡ እነሱ የሚታዩ፣ እናንተ የምታዩ ናችሁ። ገበያ ውስጥ ግን ሁሉም የራሱ ጉዳይ አለው፤ ማር የሚሸጥ ሰው እናንተን ለማየትም ሆነ ለእናንተ ለመታየት አልመጣም። እናንተም ሽንኩርት ወይ ቅል ትገዙና ከገበያተኛው እንደ አንዱ ትሆናላችሁ።

አምስት ጎልማሶችና ሁለት ልጆች ነበርን። ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ የማንለያይ አራት ሴቶች፣ የአስተማሪዋ ጓደኛችን ባለቤት፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጃቸውና የአሥራ ሁለት ዓመት እህቱ። አንድ ላንድክሩዘር ከነሾፌሩ ተከራየን። ከጓደኛ ጋር ተጉዞ የሚያውቅ ሰው ጠብ ከየት እንደሚነሳ ያውቃል፤ ከገንዘብና ከሰዓት ነው። ስለዚህ ባንክ የምትሠራዋን ጓደኛችንን እንደ እቁብ ዳኛ ሾምናት። ሁሉም እኩል አዋጣ፤ ነዳጅ፣ አልጋ፣ ምግብ፣ የአስጎብኚ፣ የመግቢያና የፎቶ ክፍያ ሁሉ ከእሷ ቦርሳ ይወጣል፤ ለራሱ የሚገዛ ግን ከራሱ ኪስ። ከመነሳታችን በፊት ብዙ ዝርዝር ብር አስቆጥራ ይዛ ስትመጣ ሳቅንባት። ከኮንሶ በኋላ የሳቀ የለም።

ማክሰኞ ንጋት ላይ ከአዲስ አበባ ተነስተን ማታ አርባ ምንጭ አደርን። ስለ ጫሞ አዞና ስለ አርባ ምንጭ አሳ ከዚህ በፊት በዚህ ገጽ ስለጻፍኩ ልለፈው። ረቡዕ ኮንሶ ነው። ከ400 ዓመት በላይ ሲታነጽና ሲጠገን የኖረው የኮንሶ እርከን እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በፎቶ ስታዩት እርከኑ ጌጥ ይመስላል፤ ቆማችሁ ስታዩት ግን እያንዳንዱ ድንጋይ በሰው ትከሻ የወጣ ጉልበት መሆኑ ይገባችኋል። እዚያ ማደር ጥሩ ነው፤ በማግስቱ ጠዋት ተነስታችሁ ቁልቁል ወደ ወይጦ ሸለቆ ወርዳችሁ፣ ሙቀቱን አልፋችሁ፣ እንደገና ወጥታችሁ ቀይ አፈር ስትደርሱ ገበያው ሞቅ ብሎ ታገኙታላችሁ።

ቀይ አፈር እንደ ስሟ ቀይ ናት። ሐሙስ ቀን በና፣ ፀማይና አሪ እዚያ ይገናኛሉ፤ ሐመርም ይመጣል። ሴቶቹ ፀጉራቸውን በቅቤና በቀይ አፈር ለውሰው እየገመዱ በቀጫጭኑ ያወርዱታል። ወንዶቹ በርኮታቸውን አንጠልጥለው ይዞራሉ። በርኮታ ከእንጨት የተጠረበች ትንሽ መቀመጫ ናት፤ ሲተኙ ደግሞ ትራስ ትሆናለች፤ ጌጠኛ ፀጉር የሠራ ሰው ፀጉሩ እንዳይበላሽ አንገቱን ያሳርፍባታል። ማሽላ፣ ማር፣ ትምባሆ፣ ቅል፣ ጨሌ፣ ከብትና ፍየል ይሸጣል። የቡና ገለባም ይሸጣል። ይህ ለእኛ የሚደፋ ነገር እዚያ ሸፈሮ ይሆናል፤ በትልቅ ማሰሮ ተፈልቶ በቅል ይጠጣል። ቀለል ያለ ነው፤ ሻይ እንጂ ቡና አይመስልም። ስኒ ለምዳችሁ ቅሉን በሁለት እጅ ስትይዙ ትንሽ ትቸገራላችሁ።

ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ እንተው ያለችው ነርሷ ጓደኛችን ናት። ለመጀመሪያው አንድ ሰዓት ማንም ስልክ እንዳያወጣ ተስማማን፤ ልጆቹ አጉረመረሙ። በዚያ ሰዓት ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። ባንከሯ ጓደኛችን ለጉዞው ብላ ፀጉሯን በአርቴፊሻል ረጅም ተሠርታ ነበር። ቅል የምትሸጥ አንዲት የበና ሴት ሹሩባዋን ያዝ አድርጋ አየችው፤ ሳብ አደረገችው። በአስጎብኚያችን በኩል «የራስሽ ነው?» አለቻት።

«አይ፣ የተገዛ ነው።»

«ፀጉር ትገዣለሽ? የማንን?»

የማንን እንደሆነ ማናችንም አናውቅም። ሴትዮዋ ዋጋውን ጠየቀች፤ ስትሰማ አጠገቧ ያሉትን ጠራችና ነገረቻቸው። በአንድ ጊዜ አምስት ስድስት ሴቶች ከበቧት፤ አንዷ ይጎትታል፣ አንዷ ያሸታል፣ አንዷ ከራሷ ፀጉር ጋር ያስተያያል። ልጅቷ ጎኔ መጥታ «አሁን እኮ እኛ ነን የምንጎበኘው» አለችኝ በሹክሹክታ። ባንከሯ ቅሉን ስትገዛ አንድ ብር አልተቀነሰላትም። ፀጉር የምትገዛ ሴት ዋጋ ትከራከራለች ብሎ ማን ያምናል!

ማታ ጂንካ ገባን። ጂንካ ወይና ደጋ ስለሆነች ከቆላው ሙቀት በኋላ አየሩ እፎይ ያሰኛል። ከተማዋን ቀድሞ የሚያውቃት ሰው ሁሉ የሚያነሳው መሃል ከተማ የነበረውን የሣር አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ አውሮፕላን በማይኖርበት ሰዓት ከብት ይግጥበት፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበት ነበር። ዛሬ አውሮፕላን የሚያርፈው ከከተማው ወጣ ብሎ ባኮ በተሠራው ማረፊያ ነው። መንገዱን ለሚፈሩ ቤተሰቦች ከአዲስ አበባ በአየር መምጣት ጥሩ አማራጭ ነው፤ መኪና እዚያው ይከራያሉ።

ዓርብ ጠዋት ኮረብታው ላይ ወዳለው የደቡብ ኦሞ ሙዚየምና ምርምር ማዕከል ወጣን። ምክሬ አንድ ነው፤ ማንኛውም መንደር ከመግባታችሁ በፊት እዚህ ግቡ። በአካባቢው አሥራ ስድስት ብሔረሰቦች አሉ ሲባል ሰምተን እናውቃለን፤ ነገር ግን የዚህኛው ቅል ከዚያኛው በምን እንደሚለይ፣ የአንገት ጌጥ ማን እንደሚያደርግና ለምን እንደሆነ አናውቅም። ለምሳሌ ሐመር ዘንድ ያገባች ሴት አንገቷ ላይ ወፍራም የብረት ቀለበት ታደርጋለች፤ የመጀመሪያ ሚስት ደግሞ ወደ ፊት ወጣ ያለ ጉጥ ያለው ሌላ አንገትጌ ትጨምራለች። ይህን ያወቀ ሰው ገበያ ውስጥ ሴቶቹን ሲያይ ጌጥ ብቻ አያይም፤ ባለትዳር፣ የመጀመሪያ ሚስት፣ ያላገባች ልጃገረድ እያለ ያነባል። ልጁን የያዘው ግን ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ኪቢሽ አካባቢ የተገኘው «ኦሞ አንድ» የተባለው የሰው ቅሪተ አካል፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣ ጥናት ቢያንስ 233 ሺህ ዓመት እንደሚሆነው ስነግረው «ታዲያ ሁላችንም ከዚህ ነን ማለት ነው?» አለ። ከሰዓት በኋላ በእግር ወደ አሪ መንደሮች ሄድን፤ እንሰት፣ ቡና፣ ሸክላ የሚሠሩ ሴቶች። ልጅቷ ጭቃ እጇ ላይ ከነካች በኋላ ከዚያ ማስነሳት አልተቻለም።

ዓርብ ማታ የጉዞው ትልቁ ክርክር ተነሳ። ቅዳሜ ሁለት ገበያ አለ፤ የጂንካና የዲመካ። ዲመካ የሐመር ትልቁ ገበያ ነው፤ አስተማሪዋና ባለቤቷ ለእሱ ነው የመጣነው አሉ። እኔና ነርሷ ጂንካ እንቅር አልን፤ ከመኪና ወርደን ከተማ ውስጥ የምንውልበት ቀን ይኑረን ብለን። እራት ቀረበ፤ ቀዘቀዘ። የእቁብ ዳኛችን ዕጣ እናውጣ አለች፤ ወረቀት ቆርጣ በባለቤትየው ኮፍያ ውስጥ ጨመረች። ጂንካ ወጣ። ባለቤትየው ዕጣውን ሁለት ጊዜ ገልጦ አየው፤ እስከ ማግስቱ ቁርስ ድረስም አላናገረንም።

የጂንካ ቅዳሜ ግን ክሶታል። የአሪ ገበሬ ከደጋ ሙዝ፣ ቡናና በርበሬ ተሸክሞ ይወርዳል፤ ከቆላ ሙርሲና በና ይመጣሉ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቲማቲም ይገዛል፤ ባጃጅ በመሃል ይጮኻል። ከአንድ ሱቅ የታሪኩ ጋንካሲ «ዲሽታ ግና» ይሰማ ነበር። ልጆቹ ዘፈኑን ከቲክቶክ ያውቁታል፤ ዲሽታ ግና የአሪ ሕዝብ የዘመን መለወጫ በዓል መሆኑን ግን የሰሙት ሙዝ ከምትሸጥላቸው ልጅ ነው። እሷም «ዘፈን ነው ብላችሁ ነው?» ብላ ሳቀችባቸው።

እሁድ ንጋት ላይ ሙርሲ ነበር። ነርሷ አልሄድም አለች። «እሁድ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ» አለች እንጂ ምክንያቱን ሁላችንም ገብቶናል። ሰውን እንደ ዕቃ መመልከት አልወድም ብላ ከመነሻውም ተናግራ ነበር። ማንም አልጫናትም።

መንገዱ በማጎ ብሔራዊ ፓርክ በኩል ነው፤ ጠባቂ ይዛችሁ፣ የመግቢያ ከፍላችሁ ቁልቁል ትወርዳላችሁ። የገንዲ ዝንብ ስላለ መስኮት ዝጉ፤ ረጅም እጅጌ ልበሱ። መንደሩ ስንደርስ ገና ሳንወርድ «ፎቶ! ፎቶ!» ተባለ። ሴቶቹ ከንፈራቸው ላይ የሸክላ ገላቸውን አድርገዋል፤ ጭንቅላታቸው ላይ የከብት ቀንድ፣ ቅርጫት፣ ፍሬ ደርድረዋል። ስለ ገሉ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ታሪክ ባሪያ ፈንጋይ እንዳይወስዳቸው ራሳቸውን ለማስጠላት ነው የሚል ነው፤ የሙርሲን ባህል ያጠኑ ሰዎች ግን ለዚህ ማስረጃ የለም ይላሉ። ለእነሱ የጎልማሳ ሴት ክብርና ውበት ነው። ቀንዱና ቅርጫቱ ደግሞ ለእኛ ሲባል የመጣ ነው። ሙርሲን ለአሥርት ዓመታት ያጠናው እንግሊዛዊው አንትሮፖሎጂስት ዴቪድ ተርተን እ.ኤ.አ. በ2004 በዚሁ የፎቶ ጉዳይ ላይ አንድ ጽሑፍ አሳትሞ ነበር፤ ፎቶ አንሺዎቹ በሙርሲዎቹ ዓይን ምን እንደሚመስሉ የሚያነሳ ነው።

በጃፓኗ ኪዮቶ ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። ጊዮን በሚባለው ሰፈር ኪሞኖ የለበሱ ጌይሾችን ቱሪስቶች በየቅያሱ እየተከተሉ ፎቶ ሲያነሱ ነዋሪው ተማረረ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የግል የሆኑትን ቅያሶች ለቱሪስት ዘጋ፤ ለገባ ሰው 10 ሺህ የን ቅጣት የሚል ሰሌዳ ሰቀለ። ኪዮቶ በሩን ዘጋች፤ ሙርሲ ዋጋ ጠየቀ። ሁለቱም መልካቸው የራሳቸው መሆኑን የሚናገሩበት መንገድ ነው፤ በእኔ እምነት የሙርሲው እንደውም የበለጠ ግልጽ ነው።

ስለዚህ ከፈልን። የመንደሩን ክፍያ አስጎብኚው አስቀድሞ ተነጋግሮ ጨርሷል፤ ለእያንዳንዱ ፎቶ ደግሞ የእቁብ ዳኛችን ዝርዝሯን እየመዘዘች ሰጠች። እዚህ ላይ ጠበቅ አድርጌ የምለው አለኝ። በሰው ፊት ላይ አትከራከሩ። ካልተስማማችሁ አታንሱ። ከአስጎብኚያችን እንደሰማነው ከዚህ ብር አብዛኛው እህል ይገዛበታል። ቀድሞ ኦሞ በየዓመቱ እየሞላ ዳርቻውን ሲያጠጣ ሙርሲዎች ውሃው በሸሸበት ደለል ላይ ማሽላና በቆሎ ይዘሩ ነበር። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግልገል ጊቤ 3 ግድብ የወንዙን ሙላት ከያዘ ወዲህ ያ እርሻ እንደ ድሮው አይደለም። አዲስ አበባ ቤታችን የሚበራው መብራት ከየት እንደሚመጣ ለልጆቹ የነገርኳቸው እዚያ ቆመን ነው።

ሌላ ቡድን መጥቶ ሰው ወደዚያ ሲሄድ፣ ፎቶ ስንነሳት የቆየች አንዲት እናት ገሏን አወጣች፤ ቀንዱን ከራሷ አወረደች፤ ልጇን ጡት እያጠባች ጎረቤቷን በክርን ጎሰም አድርጋ አንድ ነገር አለቻት፤ ሁለቱም ሳቁ። ሥራ የጨረሰ ሰው ሳቅ ነበር። ያንን ማንም ፎቶ አላነሳም።

እሁድ ከሰዓት ነርሷን ከጂንካ ይዘን በዲመካ አልፈን ቱርሚ ገባን። ሰኞ የቱርሚ ገበያ ከዲመካ ያነሰ ነው ይባላል፤ ለባለቤትየው ግን መካሻው ሆነ፤ አንድ ሽማግሌ የተቀመጡበትን በርኮታ ካልገዛሁ ብሎ አስቸግሮ በመጨረሻ ተስማሙ። ሽማግሌው ሽጠው በባዶ እጅ ቆመው ሳይ ትንሽ ከበደኝ፤ እሳቸው ግን ብሩን ቆጥረው እየሳቁ ሄዱ።

በዚያው ቀን በቅርብ ቀበሌ የከብት ዝላይ አለ ተባለ። ለማያውቅ ሰው፣ አንድ የሐመር ወጣት ለትዳር የሚበቃው በጎን በጎን በተደረደሩ ከብቶች ጀርባ ላይ ራቁቱን ወዲያና ወዲህ ደጋግሞ ሮጦ ሳይወድቅ ሲያልፍ ነው። ነገር ግን ከዝላዩ በፊት ሌላ ክፍል አለ። የወጣቱ እህቶችና የዘመድ ልጃገረዶች ቀንድ እየነፉ፣ እየዘፈኑ፣ ቀድሞ የዘለሉትን ወጣቶች «ግረፉን» ይላሉ። በቀጭን ልምጭ ይገረፋሉ። ደም ይፈሳል። ልጃገረዷ አትጮኽም፤ እንደውም ድገመኝ ትላለች።

ልጆቹ ይሂዱ ወይስ ይቅሩ? እናትየው አይሆንም አለች። አባትየው «ልጁ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ ከዚህ የባሰ በስልኩ ያያል» አለ። ነርሷ ደግሞ በዚህ ጊዜ እሄዳለሁ ባይ ሆነች፤ «ይሄ ለእኛ ተብሎ የሚደረግ አይደለም፤ እኛ ኖርን አልኖርን ይደረጋል» ብላ። መፍትሔውን ያመጣው የሐመር ተወላጅ የሆነው አስጎብኚያችን ነው፤ ግርፊያው ከሰዓት ነው፣ ዝላዩ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነው፣ ልጆቹ ለዝላዩ ይድረሱ አለ። እንደዚያው ሆነ። እኔና ነርሷ ቀድመን ሄድን። ያየሁትን በዝርዝር አልጽፍም። ይህን ግን እላለሁ፤ ከሁሉ ያስጨነቀኝ ልምጩ ሳይሆን በተገረፈ ጀርባ ላይ ተደፍቶ የሚነሳው የሌንስ ብዛት ነው። ከአሥራ ስድስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ለዚያ ክፍል አታምጡ። ነርሷ ውሃና ፋሻ ቦርሳዋ ውስጥ ነበራት፤ አንዷን ልጅ ልትረዳ ስትጠጋ ልጅቷ በትህትና እጇን መለሰችላት።

ዝላዩ አጭር ነው። ወጣቱ ሲዘል ልጃችን እጁን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ አየ። እህቱ ግን የልጃገረዶቹን ጀርባ አይታለች፤ መኪና ውስጥ አስጎብኚውን ጠየቀችው።

«ለምን አትከለክሏቸውም?»

ሰውየው ዞሮ አያት። «የእኔ እህት ጀርባ ላይም አለ» አላት። «እኔ ስዘል ነው የተገረፈችው። በድርቁ ጊዜ ከብቷ ሲያልቅ ወደ እኔ መጣች። አላወራችም። ጀርባዋን አሳየችኝ። ሁለት ላም ሰጠኋት። ባልሰጣትስ ሰው ይለኝ ነበር?»

«ልጅህስ?» አለችው።

ትንሽ ዝም አለ። «ልጄ ዲመካ ትማራለች። አምስተኛ ክፍል ናት። ወንድሟ ሲዘል ምን እንደምታደርግ አልጠየቅኳትም።»

ከዚያ በኋላ እስከ ቱርሚ ድረስ ማንም አልተናገረም። ማታ ልጅቷ ከእናቷ ጋር ደጅ ተቀምጣ ረጅም ሰዓት አወራች፤ ምን እንዳወሩ አልጠየቅንም።

ማክሰኞ በአርቦሬ በኩል ተመልሰን አርባ ምንጭ አደርን። የእቁብ ዳኛችን ሒሳቡን ዘረጋች፤ ተርፎ ለእያንዳንዳችን መልስ ደረሰን፤ ከእኛ ጓደኝነት ታሪክ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ለመሄድ ለምታስቡ ጥቂት ነገር። ዘጠኝ ቀን ይዛችሁ ሂዱ፤ ከዚያ ካነሰ በአውሮፕላን ጂንካ ግቡና ሐመርን ወይም ማጎን ምረጡ፤ ሁለቱን አትሻሙ። ቆላው የወባ አገር ስለሆነ ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ሐኪም አማክሩ፤ አጎበር ያዙ። ከመነሳታችሁ በፊት ስለ መንገዱና ስለ ሰላሙ ሁኔታ ለባህልና ቱሪዝም ቢሮው ደውሉ። የአካባቢውን ልጅ አስጎብኚ አድርጉ፤ ከአዲስ አበባ ይዛችሁት የሄዳችሁት የሐመርኛ ቀልድ አይገባውም። የቆላው ዋና ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ስለሆነ ያኔ ወንዝ መሻገሪያው ያስቸግራል፤ የእኛ ክረምት ግን እዚያ ደረቅ ይሆናል። ስለዚህ ለሐምሌ ማዋጣት ጀምረናል። በዚህ ጊዜ ቅዳሜን ዲመካ ነን፤ ዕጣ የለም፤ ባለቤትየው በጽሑፍ አስፈርሞናል።